የተራቡት ዳኞች ጥናት በእርግጥ ምን አሳየ?

ሚዛን ፈላጊ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። ስለ ሰው ልጅ የውሳኔ አሰጣጥ በተነሣ ቁጥር ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ጥናት አለ። በሥራ አመራር ሥልጠናዎች፣ በዩቲዩብ ንግግሮችና በቴሌግራም ቻናሎች «ዳኛ ሲርበው ይጨክናል፣ ሲጠግብ ይራራል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቃሎ ሲቀርብ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ጥናቱ ከወጣ በኋላ የተሰነዘሩበት ትችቶች ግን እንደ ጥናቱ አልተዳረሱም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን አቅርቤ እንድንወያይበት አሰብኩ። አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ፤ በእኔ እምነት ይህ ጥናት ስለ ዳኞች ሆድ ከሚነግረን ይልቅ መዝገቦች ለዳኛ ስለሚቀርቡበት ወረፋ የሚነግረን ይበልጣል።

ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የታተመ ሲሆን፣ አዘጋጆቹ ሻይ ዳንዚገር፣ ጆናታን ሌቫቭ እና ሊዮራ አቭናይም-ፔሶ ናቸው። የመረመሩት በእስራኤል የሚገኙ ታራሚዎች በአመክሮ ለመፈታት፣ አንዳንዶቹም የአመክሮ ግዴታቸው እንዲሻሻልላቸው ያቀረቧቸውን ማመልከቻዎች ነው። በ10 ወራት ውስጥ ከነበሩት የችሎት ቀናት 50 ቀናትን ወስደው፣ 8 ዳኞች የሰጧቸውን 1112 ውሳኔዎች በቀረቡበት ቅደም ተከተል ደረደሩ። ዳኞቹ ለሥራው እንግዳ አልነበሩም፤ በአማካይ ከ22 ዓመት በላይ የዳኝነት ልምድ ነበራቸው። የሥራው ቀን በሁለት የምግብ ዕረፍቶች ለሦስት ይከፈላል፤ አንደኛው ዕረፍት በእኛ አቆጣጠር ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ፣ ሁለተኛው ለምሳ ነው።

በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ላይ የቀረበ ማመልከቻ ተቀባይነት የማግኘት ዕድሉ 65 በመቶ ገደማ ነበር። ይህ ዕድል መዝገብ በመዝገብ እያሽቆለቆለ ሄዶ ዕረፍቱ ሲቃረብ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ዳኛው በልቶ ሲመለስ ደግሞ እንደገና ወደ 65 በመቶ ይወጣል። የወንጀሉ ክብደት፣ ታራሚው በእስር ያሳለፈው ጊዜና ከዚያ ቀደም ታስሮ ማወቅ አለማወቁ በስሌቱ ተካተው እንኳ የግራፉ ቅርጽ አልተለወጠም።

አጥኚዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ተደጋጋሚ ውሳኔ አእምሮን ያደክማል፣ የደከመ አእምሮም ነባሩን ሁኔታ ማስቀጠልን ይመርጣል የሚል ነው። ለአመክሮ ዳኛ ነባሩ ሁኔታ ታራሚውን ባለበት ማቆየት ነው። እዚህ ላይ ለአጥኚዎቹ ፍትሐዊ መሆን ይገባል፤ ዳኛውን ያደሰው ምግቡ ይሁን ዕረፍቱ ለይተው መናገር እንደማይችሉ ራሳቸው ጽፈዋል። ታዋቂው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ካህነማን በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፉ ጥናቱን መጥቀሱ ዝናውን አገነነው፤ ያ ጥንቃቄ የተሞላበት አንቀጽ ግን አብሮ አልተጓዘም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ የትኛው ታራሚ ቀድሞ፣ የትኛው ተከትሎ እንዲቀርብ የሚወስነው ማን ነው? ቅደም ተከተሉ በዕጣ ካልወጣ፣ ግራፉ የዳኛውን አእምሮ ያሳያል ማለት እንዴት ይቻላል?


ከነገብ በረሃ

ርዕሱ እኔ የምኖርበትን አገር ስለሚመለከት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በመጀመሪያ ስለ ሥርዓቱ ሁለት ነገር ላንሣ። በእስራኤል ሕግ አንድ ታራሚ በአመክሮ የመፈታት ጥያቄው የሚታየው በመደበኛው ሁኔታ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ሲፈጽም ነው። ሁለተኛ፣ ጥናቱ «ዳኛ» ቢልም የሚሰየመው ቦርድ ነው፤ በጥናቱ ላይ እንደተገለጸው ዳኛው ሰብሳቢ ሲሆን የወንጀል ጥናት ባለሙያና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ አጠገቡ ተቀምጠው ያማክሩታል። (እነዚህ ሁለት ሰዎችም የሚራቡት ከዳኛው ጋር በአንድ ሰዓት መሆኑን የሚያስታውስ የለም።)

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ መልሱ በዚያው በ2011 ወጥቷል። ኬረን ዌንሻል-ማርጌል እና ጆን ሻፓርድ የተባሉ ተመራማሪዎች ለዚያው መጽሔት በጻፉት አጭር ደብዳቤ የመዝገቦቹ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የሚወጣ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ይህን ለማወቅ የተራቀቀ ስሌት አላስፈለጋቸውም፤ ጠበቆችን፣ በቦርዱ የሠሩ ዳኛን፣ የማረሚያ ቤትና የፍርድ ቤት አስተዳደር ሠራተኞችን ጠየቁ። ቦርዱ በተቻለ መጠን የአንዱን ማረሚያ ቤት ታራሚዎች ጨርሶ ዕረፍት ይወጣል፤ ከዕረፍት ሲመለስ የሌላውን ማረሚያ ቤት ይጀምራል። በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ጠበቃ የሌላቸው ታራሚዎች አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ይቀርባሉ። ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ታራሚዎች ጠበቃ አልነበራቸውም፤ ከእነርሱ መካከል የተሳካላቸው 15 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ጠበቃ ካላቸው ግን 35 በመቶው ተሳክቶላቸዋል።

ወረፋው መጨረሻ ላይ ያሉት ቀድሞውኑ ዕድላቸው የጠበበ ሰዎች ከሆኑ፣ ዳኛው ጠግቦም ቢሆን መስመሩ ቁልቁል መውረዱ አይቀርም።


የአምስተኛ ዓመት ተማሪ

አንድ ማስተካከያ ይፈቀድልኝ። ዳንዚገርና ባልደረቦቹ ለደብዳቤው መልስ ሰጥተዋል። ታራሚው ጠበቃ ይኑረው አይኑረው የሚለውን በስሌቱ ጨምረው ሲያዩ ቁልቁለቱ እንዳልጠፋ ገልጸዋል። ስለዚህ በአንድ ደብዳቤ ነገሩ ተዘጋ ማለት አይቻልም።


ከነገብ በረሃ

ልክ ነህ ወንድሜ፣ መልስ ሰጥተዋል። ነገር ግን ጠበቃ መኖሩን በስሌት መጨመር ማለት ወረፋውን የሚወስኑትን ነገሮች ሁሉ መጨመር ማለት አይደለም። የተለካው ይስተካከላል፤ ያልተለካው እንደነበረ ይቀራል።


የቀድሞ ጠበቃ

ውይይቱን በጥሞና እየተከታተልኩ ነው። እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም፤ የእስራኤልንም ችሎት አላውቅም። ግን ብዙ ዓመት በአዲስ አበባ ችሎቶች ስለቆምኩ «ወረፋ» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ወረቀት ላይ ብቻ ያየ ሰው ሊገምተው አይችልም።

የዕለቱ የቀጠሮ ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። መዝገቦች የሚጠሩት በዚያ ቅደም ተከተል ነው ብሎ የሚያምን ግን ጀማሪ ጠበቃ ብቻ ነው። ጠዋት ችሎት ሳይሰየም ከሌላ ችሎት ቀጠሮ ያለው ጠበቃ ችሎት አስከባሪውን ጠጋ ብሎ «የእኔን ቀድመህ አስጠራልኝ» ይላል። ታራሚዎችን የሚያመጣው የማረሚያ ቤት መኪና ዘግይቶ ከሆነ የወንጀል መዝገቦች በሙሉ ወደ ኋላ ይገፋሉ። ከመዝገብ ቤት ያልወጣ መዝገብ «ይፈለግ» ተብሎ ይታለፋል። ጸሐፊዋ መዝገቦቹን ጠረጴዛ ላይ ስትደረድር ትእዛዝ ብቻ የሚጠብቁትን፣ ማለትም ስስ ስሱን፣ ወደ አንድ ወገን ታደርጋለች፤ ምስክር የሚሰማባቸውን ወፍራሞቹን ወደ ሌላ። ከዚያም ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ዳኛው ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ፤ ዓይናቸው ከወፍራሙ ክምር ወደ ስሱ ይሻገራል፤ «ይህን አጠር ያለውን እንጨርስና ሌላውን ከሰዓት» ይላሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጠበቃ የሌለው ባለጉዳይ ከኋላ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል፤ ቅድሚያ መጠየቅ እንደሚቻል የነገረው የለም።

እንግዲህ አንድ ሰው ከኋላ ተቀምጦ የተጠሩትን መዝገቦችና የተሰጡትን ትእዛዞች በተራ ቢመዘግብ፣ የሚያገኘው ግራፍ የዳኛውን ድካም ብቻ ነው ትላላችሁ? የመኪናው፣ የጸሐፊዋ፣ የጠበቃውና የግድግዳው ሰዓት ውጤት ጭምር ነው።


ቁጥር ወዳድ

እህቴ «ይህን አጠር ያለውን እንጨርስ» ያሉት ነገር ሳያውቁት የአንድ ሙሉ የሳይንስ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ነው። አንድሬያስ ግሎክነር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው ሥራ በዚሁ ላይ ያተኮረ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከትችቶቹ ሁሉ ይህኛው እጅግ የረቀቀ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

መነሻው በመጀመሪያው ጥናት ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን ማንም ልብ ያላለው ቁጥር ነው። አዎንታዊ ውሳኔ በአማካይ 7.37 ደቂቃ ሲወስድ፣ ውድቅ የማድረግ ውሳኔ የወሰደው 5.21 ደቂቃ ነበር። ጽሑፉም እንዲሁ፤ የተፈቀደለት ታራሚ ውሳኔ በአማካይ ወደ 90 ቃላት ሲሆን፣ የተከለከለው 47 ቃላት ብቻ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰውን ለመልቀቅ ቅድመ ሁኔታ መዘርዘር፣ ማብራሪያ መጻፍ ያስፈልጋል፤ «ጥያቄው ተቀባይነት የለውም» ለማለት ግን ሁለት መስመር ይበቃል።

አሁን የዳኛውን ቦታ እንያዝ። ወደ ዕረፍት ሊወጣ የቀረው 6 ደቂቃ ነው እንበል። ፊቱ ላይ ያለው መዝገብ ወፍራም፣ ጠበቃ የቆመበት፣ የመልካም ጠባይ ማስረጃ የተያያዘበት ከሆነ አሁን ጀምሮ በመሐል ማቋረጥ አይፈልግም፤ ስለዚህ ዕረፍቱን ትንሽ ቀደም አድርጎ ይወጣና ያን መዝገብ ሲመለስ ያነሣዋል። መዝገቡ ስስ ከሆነ ግን ቶሎ ይጨርሰዋል። በዚህ አካሄድ ከዕረፍት በፊት የሚቀሩት የመጨረሻ ቦታዎች በአጭር መዝገቦች፣ ማለትም በአብዛኛው ውድቅ በሚደረጉት፣ ይሞላሉ፤ ከዕረፍት በኋላ ያለው የመጀመሪያ ቦታ ደግሞ ለረጅሙ መዝገብ ይደርሳል። ግሎክነር ያደረገው ይህን በኮምፒውተር ማስመሰል ነው። በስሌቱ ውስጥ ያሉት «ዳኞች» አይራቡም፣ አይደክሙም፣ ለማንም አያዳሉም፤ ሰዓታቸውን ብቻ ያቅዳሉ። ከጥናቱ ጋር የሚመሳሰል ቁልቁለት ግን ወጣ። ድምዳሜው ረሃብ ወይም ድካም ምንም ሚና የለውም የሚል አይደለም፤ የመጀመሪያው ጥናት የውጤቱን መጠን እጅግ አጋኖታል የሚል ነው።

ሌላም አለ። ሁሉም ክፍለ ጊዜ እኩል ርዝመት አልነበረውም፤ በአንዱ ጥቂት መዝገቦች፣ በሌላው ብዙ መዝገቦች ይታያሉ። ስለዚህ በግራፉ ቀኝ ጫፍ ላይ ያሉት ነጥቦች የቆሙት በጥቂት ውሳኔዎች ላይ ነው። ዓይናችንን የሚስበው ያ ወደ ዜሮ የሚወርደው ጫፍ፣ መረጃው በጣም የሳሳበት ቦታ ነው።


የአምስተኛ ዓመት ተማሪ

ጥያቄ አለኝ። ዳኛው መዝገቡ ረጅም ጊዜ እንደሚወስድ ሳይከፍተው እንዴት ያውቃል?


የቀድሞ ጠበቃ

ልጄ፣ የመዝገቡን ውፍረት አይቶ፣ ጠበቃ ተነሥቶ መቆሙን አይቶ፣ ከማረሚያ ቤት የመጣውን ደብዳቤ ገጽ ብዛት አይቶ ያውቃል። ሃያ ዓመት የፈረደ ሰው ይህን ለማወቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም።


የሥነ ልቦና መምህር

ዘግይቼ በመግባቴ ይቅርታ። እስካሁን የተነሣው የመረጃው ጉዳይ ነው፤ ጥናቱ የተደገፈበት ንድፈ ሐሳብ ምን እንደደረሰበትም መታየት አለበት።

አጥኚዎቹ የተመረኮዙት የፈቃድ ኃይል እንደ ስንቅ ያልቃል በሚለው አስተሳሰብ ላይ ነበር። አስተሳሰቡን ያስጀመረው ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ሙከራ ነው። ተሳታፊዎቹ ትኩስ የቸኮሌት ብስኩት በሚሸትበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ከፊሎቹ ብስኩቱን እንዲበሉ ተፈቀደላቸው፤ ከፊሎቹ ግን ብስኩቱን እያዩ ቀይ ሥር የሚመስለውን ራዲሽ ብቻ እንዲበሉ ታዘዙ። ከዚያ መፍትሔ የሌለው እንቆቅልሽ ተሰጣቸው። ብስኩት የበሉት በአማካይ ወደ 19 ደቂቃ ሲታገሉ፣ ራሳቸውን የገቱት 8 ደቂቃ ከጥቂት ሰኮንድ በኋላ ተስፋ ቆረጡ። ሙከራው ውብ ነው፤ ለማስተማርም ይመቻል፤ እኔም ክፍል ውስጥ ስጠቅሰው ተማሪ እንቅልፍ አይወስደውም።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 23 ቤተ ሙከራዎች ተባብረው፣ 2141 ሰዎችን አሳትፈው፣ ዕቅዳቸውን አስቀድመው ይፋ አድርገው ያንኑ ሐሳብ ሲፈትኑ ያገኙት ልዩነት ከዜሮ የሚለይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ 36 ቤተ ሙከራዎች ከ3500 በላይ ሰዎችን ይዘው ደገሙት፤ በዚያም የተገኘው ውጤት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሁለተኛውን ሥራ ከመሩት መካከል ካትሊን ቮስ የሐሳቡ ዋነኛ አራማጅ ከነበሩት አንዷ ናቸው፤ ስለዚህ በጠላትነት የተሠራ ነው ሊባል አይችልም።

በተጨማሪ ዳንኤል ላከንስ የተባለው የኔዘርላንድስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ያነሣውን ነጥብ ልጨምር። ከ65 በመቶ ወደ ዜሮ መውረድ በሥነ ልቦና መለኪያ ሲሰላ እጅግ ግዙፍ የሆነ የውጤት መጠን ነው፤ በቤተ ሙከራ ከምናገኛቸው አብዛኞቹ ልዩነቶች ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ረሃብ በውሳኔያችን ላይ ይህን ያህል ኃይል ቢኖረው ኖሮ፣ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል በየቀኑ አገር ሲታመስ በዓይናችን እናይ ነበር። አውቶቡስ ነጂው፣ ቀዶ ሐኪሙ፣ የባንክ ገንዘብ ተቀባዩ ሁሉ ከረፋድ በኋላ ሥራቸውን መሥራት ባልቻሉ ነበር። ውጤቱ በጣም ትልቅ መሆኑ ራሱ መጠራጠሪያ ምክንያት ነው የሚለው ሙግት ለብዙዎች እንግዳ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን እስካሁን አሳማኝ ማፍረሻ አላገኘሁለትም።


ጤና ጣቢያ

የሁላችሁንም አከብራለሁ፣ ነገር ግን ከአንዱ ጽንፍ ወደ ሌላው እንዳንዘል እፈራለሁ። «ድካም ውሳኔን አይለውጥም» የሚል መደምደሚያ በሥራዬ ከማየው ጋር አይገጥምም፤ ከሌሎች ጥናቶችም ጋር አይገጥምም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለጉንፋንና መሰል የመተንፈሻ አካላት ሕመሞች የታዘዙ አንቲባዮቲኮችን ከ20,000 በላይ በሆኑ የሕክምና ጉብኝቶች መርምሯል። ከመጀመሪያው የሥራ ሰዓት ጋር ሲነጻጸር በአራተኛው ሰዓት አንቲባዮቲክ የመታዘዙ ዕድል ምጣኔ 1.26 እጥፍ ነበር። ለደከመ ሐኪም «መድኃኒት አያስፈልግህም» ብሎ ታማሚን ማስረዳት ከባድ ነው፤ መጻፍ ይቀላል። ወረፋው በር ድረስ ተሰልፎ ያየ የጤና ባለሙያ ይህን ሲያነብ አይገረምም።

ሁለተኛው የዴንማርክ ተማሪዎች ጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ። ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ የትምህርት ቤት ፈተናዎችን ይዟል። ፈተናው ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት በዘገየ ቁጥር ውጤቱ የአንድ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (የተማሪዎች ውጤት ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚለካበት አሃድ) 0.9 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ዕረፍት ሲጨመር ግን 1.7 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ድካምም እውነት ነው፣ ዕረፍትም ይጠቅማል።


ቁጥር ወዳድ

ሁለቱም ምሳሌዎች ግሩም ናቸው፤ የክሩን ዋና ሐሳብ ያጠናክራሉ እንጂ አያፈርሱም። በዴንማርክ ተማሪው የሚፈተንበትን ሰዓት የወሰነው የትምህርት ክፍለ ጊዜውና የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ነፃ የሚሆኑበት ሰዓት እንጂ የተማሪው ጉብዝና አልነበረም። ማለትም ወረፋው ለዕጣ የቀረበ ነበር። ወረፋው እንዲህ ሲሆን የድካም ውጤት ይታያል፤ ግን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ልብ በሉ። ወረፋው በሰው እጅ ሲደረደር ግን ከ65 ወደ ዜሮ የሚወርድ ግራፍ እናገኛለን። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያመጣው በአብዛኛው አደራደሩ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።


ጤና ጣቢያ

በዚህ እስማማለሁ። እኔም የምቃወመው «ምንም የለም» የሚለውን ነው።


አብዱ ከደሴ

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረስ። ስለ ረሃብ ስታወሩ ጾም አለመነሣቱ ገረመኝ። ከእኛ ሰው መካከል ከግማሽ የማያንሰው በዓመቱ ውስጥ ጾሞ ሥራ የሚውልባቸው ብዙ ቀናት አሉት፤ ሙስሊሙ በረመዳን፣ ክርስቲያኑ በሑዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት።

እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት ከፓኪስታንና ከሕንድ የተሰበሰቡ ግማሽ ሚሊዮን ያህል የወንጀል ጉዳዮችና ወደ 10,000 የሚጠጉ ዳኞች ተመርምረዋል። ረመዳን በየዓመቱ ቀኑ ስለሚዘዋወር የጾሙ ሰዓት አንዳንዴ ይረዝማል፣ አንዳንዴ ያጥራል፤ ይህም ለአጥኚዎቹ የተፈጥሮ ሙከራ ሆነላቸው። የተገኘው ከተራበው ዳኛ ተረክ ጋር በቀጥታ የሚጋጭ ነው፤ የሚጾሙ ሙስሊም ዳኞች ጨካኝ ሳይሆን ርኅሩኅ ሆኑ፣ በነፃ ማሰናበታቸው ጨመረ። ውሳኔያቸው በይግባኝ የመሻሩ ዕድልም ቀነሰ እንጂ አልጨመረም፤ ስለዚህ ርኅራኄው ግድየለሽነት ነበር ማለት አይቻልም።

በእርግጥ በእኛ ሃይማኖት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዳኛ ተቆጥቶ ሳለ በሁለት ሰዎች መካከል እንዳይፈርድ ከልክለዋል፤ ሊቃውንቱም ይህን አስፍተው ብርቱ ረሃብን፣ ጥምንና እንቅልፍን ጨምረውበታል። ስለዚህ የዳኛው የሰውነት ሁኔታ ፍርድን ይነካል የሚለው ሐሳብ በ2011 የተፈለሰፈ አይደለም። ነገር ግን ስለ አምላኩ ብሎ ፈቅዶ የሚራብ ሰውና ስብሰባ ረዝሞበት ምሳው ያለፈበት ሰው አንድ ዓይነት ረሃብ የላቸውም።


የሥነ ልቦና መምህር

ወንድም አብዱ ያነሡት እጅግ ጠቃሚ ነው። ጾም ከረሃብ በተጨማሪ ጸሎት፣ ምጽዋት፣ ማኅበራዊ መንፈስ አብረውት ስላሉ ውጤቱን ለባዶ ሆድ ብቻ መስጠት እንደማይቻል አጥኚዎቹም ይገነዘባሉ። ቢሆንም «ባዶ ሆድ ያስጨክናል» የሚለው ጠቅላላ ሕግ ቢኖር ኖሮ በዚያ ሁሉ መዝገብ ውስጥ በተቃራኒው አቅጣጫ ባልታየ ነበር።


ሥልጠና ሰጪ

እኔ ጥናቱን በሥልጠናዎቼ ከሚጠቅሱት ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ወደፊትም እጠቅሰዋለሁ። ቁጥሩ ቢጋነንስ ምን ጉዳት አለው? የማስተላልፈው መልእክት «ከባድ ውሳኔ በጠዋት ወስኑ፣ ዕረፍት ውሰዱ» የሚል ነው። ይህ ማንን ጎዳ? ሰዎች ዕረፍት የሚወስዱት ግራፉን ሲያዩ እንጂ ስለ ስሌት ሲሰሙ አይደለም።


ሚዛን ፈላጊ (ክሩን የከፈተ)

ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቁም ነገር ልመልስ። ጉዳቱ ያለው ሥልጠና አዳራሹ ውስጥ ሳይሆን ችሎቱ ደጃፍ ላይ ነው። ግራፉን ያመነ ጠበቃ ቀጥሎ የሚያደርገው ደንበኛው ከዕረፍት በኋላ መጀመሪያ እንዲጠራ መሞከር ነው። ያን ቦታ የማግኘት አቅም ያለው ጠበቃ ያቆመ ሰው ነው፤ ወደ ኋላ የሚገፋው ደግሞ የቀድሞዋ ጠበቃ እንደነገሩን ከኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ነው። ስለዚህ ምሳ ሰዓትን የሚያስተካክል ሰው ጠበቃ የሌለውን ታራሚ ጠበቃ እንዲያገኝ አላደረገውም። ችግሩ 15 በመቶና 35 በመቶ በሚሉት ቁጥሮች መካከል ተቀምጦ ሳለ፣ እኛ ስለ ሳንድዊች እንከራከራለን።

ሁለተኛው ጉዳት ለዳኛው ነው። ነፃነቱን የተነፈገ ሰው «እምቢ ያለኝ ርቦት ነው» ብሎ እንዲያምን ማድረግ በፍትሕ ላይ የሚሠነዘር ከባድ ክስ ስለሆነ፣ እንዲህ ዓይነት ክስ የሚቀርበው ማስረጃው ሲጸና ብቻ መሆን አለበት።

ዕረፍት ይውሰዱ ማለቱን ግን ይቀጥሉበት፤ ለዚያ የዴንማርኩ ጥናት ይበቃዎታል።


ሥልጠና ሰጪ

የዴንማርኩን አነበዋለሁ። 0.9 በመቶ የሚል ስላይድ ግን አዳራሽ እንደማያስጨበጭብ እርስዎም ያውቃሉ።


የአምስተኛ ዓመት ተማሪ

የመመረቂያ ጽሑፌ በዚሁ ዙሪያ እንዲሆን እያሰብኩ ነው። አንድ ሰው ይህን ጥያቄ እንደ አዲስ ቢያጠና በትክክል እንዴት ማጥናት አለበት? የምትመክሩኝ ካለ።


ቁጥር ወዳድ

ከሁሉ በፊት ቅደም ተከተሉ በሰው ሳይሆን በዕጣ መውጣት አለበት። መዝገብን በኮምፒውተር የሚመድብ ፍርድ ቤት ካለ፣ የዕለቱን ተራም በዚያው እንዲያወጣ ማድረግ አስቸጋሪ አይደለም። ቀጥሎ ዕረፍቱ በተወሰነ ሰዓት መሆን አለበት፤ በእስራኤሉ ጥናት መቼ ዕረፍት እንደሚወጣ የሚወስነው ዳኛው ራሱ ነበር፤ የግሎክነር ትችት የገባውም በዚያች ቀዳዳ ነው። የእያንዳንዱን መዝገብ መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓት መዝግብ። የዳኛውን ስም ሳይሆን መለያ ቁጥሩን ያዝ፤ ምክንያቱም አንዱ ዳኛ በጠባዩ ለጋስ፣ ሌላው ቆጣቢ ሊሆን ስለሚችል እያንዳንዱን ከራሱ ጋር ማነጻጸር አለብህ።


የቀድሞ ጠበቃ

ከዚህ ሁሉ በፊት ሄደህ አንድ ሳምንት ችሎት ውስጥ ተቀመጥ። ጸሐፊዋንና ችሎት አስከባሪውን ጠይቅ። ዌንሻል-ማርጌል እና ሻፓርድ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ቀድሞ የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ቀለም ባልፈሰሰ ነበር።


ከነገብ በረሃ

አንድ ነገር ልጨምርልህ። በመጀመሪያው ጥናት «ውድቅ» ተብለው ከተቆጠሩት መካከል ለሌላ ቀን የተቀጠሩ መዝገቦችም ነበሩ። ጠበቃዬ አልመጣም፣ ሰነድ ጎድሏል የሚል ቀጠሮ ሁሉ እንደ ክልከላ ተቆጥሯል ማለት ነው። የተፈቀደ፣ የተከለከለና የተቀጠረ የሚሉ ሦስት የተለያዩ ዓምዶች አድርገህ ጀምር።


የአምስተኛ ዓመት ተማሪ

አመሰግናለሁ። በተቀጠሩት ልጀምር፤ አማካሪዬ ከፈቀዱ በዚህ ክር ላይ አሳውቃችኋለሁ።